ዓለም አቀፍ የትምህርት ምዘናዎችና የትምህርት ፖሊሲ፦ ውጤቱ የሚናገረውና የማይናገረው

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ዓለም አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች በየሀገሩ የትምህርት ፖሊሲ ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ ሁሉንም ለመዳሰስ አልሞክርም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ እጓዛለሁ። ይኸውም፣ አንድ መንግሥት «የዓለም አቀፉ ፈተና ውጤት ይህን እንድናደርግ አስገድዶናል» ሲል፣ በእርግጥ ያስገደደው ውጤቱ ነውን? የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ምዘናው እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን። ቀጥሎም የጀርመንንና የጃፓንን ታሪክ በዝርዝር፣ የፊንላንድንና የፖላንድን በአጭሩ እናያለን። በመጨረሻ ወደ ሀገራችን ተመልሰን በቋንቋዎቻችን የተካሄደ አንድ የንባብ ምዘና ያስገኘውን ትምህርት እንመረምራለን። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ምዘናው ምን ይለካል?

የተለያዩ ሀገሮችን ተማሪዎች ዕውቀት ማነጻጸር ትናንት የተጀመረ ሥራ አይደለም። ዓለም አቀፉ የትምህርት ውጤት ምዘና ማኅበር የተመሠረተው በ1958 ሲሆን፣ በ1964 በ12 ሀገሮች የሒሳብ ትምህርት ጥናት አካሂዷል። ዛሬ የአራተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብና በሳይንስ በየአራት ዓመቱ የሚመዝነውን ቲምስ የተባለውን ጥናትም በ1995 የጀመረው ይኸው ማኅበር ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ይነበቡ የነበሩት በአብዛኛው በተመራማሪዎች ዘንድ ነበር። የምዘና ውጤት በየጊዜው የጋዜጦች ዋና ዜና፣ የምክር ቤቶች የክርክር ርእስ መሆን የጀመረው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2000 ፒሳ የተባለውን ምዘና ካስጀመረ ወዲህ ነው።

ፒሳ ከቀደሙት ጥናቶች በሁለት ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ የሚመርጠው ክፍልን ሳይሆን ዕድሜን ነው፤ የሚፈተኑት በትምህርት ገበታ ላይ ያሉ የ15 ዓመት ወጣቶች ናቸው። የሚጠይቀውም በመማሪያ መጽሐፋቸው የሰፈረውን እንዲደግሙ ሳይሆን፣ በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ያላቸውን ዕውቀት ከዕለት ተዕለት ኑሮ በተወሰዱ ጥያቄዎች ላይ እንዲያውሉት ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ የተመራማሪዎች ማኅበር ሳይሆን ለመንግሥታት የኢኮኖሚ ፖሊሲ ምክር መስጠትን ዋና ሥራው ያደረገ የመንግሥታት ድርጅት ነው። ስለዚህ ውጤቱ ሲወጣ ከሰንጠረዡ ጋር ምክርም አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር 32 ሀገሮች ተሳትፈዋል፤ በወረርሽኙ ምክንያት በአንድ ዓመት ዘግይቶ በ2022 በተካሄደው ዙር ደግሞ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 81 ሀገሮችና ግዛቶች፣ የተፈተኑት ተማሪዎች ቁጥር ደግሞ 690,000 ገደማ ደርሷል።

የፒሳ ነጥብ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ለቀጣዩ ሐተታ አስፈላጊ ነው። መለኪያው ሲጀመር የድርጅቱ አባል ሀገሮች አማካይ ውጤት 500 እንዲሆንና ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ከ400 እስከ 600 ባለው ክልል ውስጥ እንዲያርፉ ተደርጎ ተቀርጿል። የሚፈተኑት ሁሉም ተማሪዎች ሳይሆኑ በዕጣ የተመረጡ ናቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የሚሠራው የሁለት ሰዓት ፈተና ከጠቅላላው የጥያቄ ክምችት ጥቂቱን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ ለተማሪው በግሉ የሚሰጠው ውጤት የለም። በመሆኑም የአንድ ሀገር ነጥብ ግምት ነው፤ ከወዲህና ከወዲያ ጥቂት ነጥቦች የሚያፈናፍን ግምት። በሰንጠረዡ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ሁለት ሀገሮች በእርግጥ ይበላለጡ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ለመናገር አይቻልም። ድርጅቱ ራሱ የአንድን ሀገር ደረጃ «ከዚህ እስከዚህ ባለው መካከል» ብሎ ያትማል፤ በጋዜጣ የሚወጣው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። አንድ የ15 ዓመት ወጣት በፈተናው ቀን ይዞት የሚመጣው ዕውቀት የ15 ዓመት ክምችት ነው። በቤቱ የሰማው ቋንቋ፣ መዋዕለ ሕፃናት መግባቱ ወይም አለመግባቱ፣ የአንደኛ ክፍል መምህሩ፣ የወላጆቹ ገቢ፣ ከዚህም ጋር በመካከሉ የተለዋወጡት ፖሊሲዎች ሁሉ ውጤቱ ውስጥ አሉ። በጤና ጣቢያ የአንድ ሕፃን ክብደት ሲመዘን ሚዛኑ ሕፃኑ ከሚገባው በታች መሆኑን ይነግረናል፤ የከሳው ምግብ አጥቶ ይሁን ታሞ ግን ሚዛኑ አይነግረንም። ያንን ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። የፒሳ ነጥብም እንዲሁ ነው። ስለ ሁኔታው ይናገራል፤ ምክንያቱን ለብቻው ሊነግረን አይችልም። የፖሊሲ ውሳኔ ግን ያለ ምክንያት ትንተና አይቆምም። በነጥቡና በውሳኔው መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚሞላው ማን ነው? ወደ ጀርመን ስንሄድ መልሱ መታየት ይጀምራል።

ጀርመን፦ የድንጋጤው ዓመት

የመጀመሪያው የፒሳ ውጤት በዲሴምበር 2001 ይፋ ሆነ። ጀርመን በንባብ 484፣ በሒሳብ 490፣ በሳይንስ 487 ነጥብ አገኘች፤ ሦስቱም ከአማካዩ በታች ነበሩ። በንባብ ውጤታቸው ከተነጻጸረ 31 ሀገሮች መካከል 21ኛ ሆነች። በዩኒቨርሲቲዎቿና በሳይንቲስቶቿ ለምትኮራ ሀገር ዜናው ዱብ ዕዳ ነበር። ጋዜጦቿ «የፒሳ ድንጋጤ» አሉት፤ ስያሜውም እስከ ዛሬ ድረስ በጀርመንኛ የተለመደ አነጋገር ሆኖ ቀርቷል።

ይሁንና ከደረጃው ይልቅ የሚያሳስቡ ሌሎች ሁለት ግኝቶች ነበሩ። ከተፈተኑት ወጣቶች ከአምስት አንድ በላይ የሚሆኑት በንባብ ከመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ማለፍ አልቻሉም። በተጨማሪም የቤተሰብ ኑሮ ደረጃና የልጅ ውጤት እጅግ ከተሳሰሩባቸው ሀገሮች ጀርመን በግንባር ቀደምነት የምትጠቀስ ሆና ተገኘች። ይህንን ለመረዳት የሀገሪቱን የትምህርት አደረጃጀት ማወቅ ይገባል። በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች ልጆች አራተኛ ክፍልን ሲጨርሱ፣ ማለትም በአሥር ዓመታቸው ገደማ፣ በተለያዩ የትምህርት ቤት ዓይነቶች ይደለደላሉ። ጊምናዚየም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ሲሆን፣ ሬአልሹለ ለመካከለኛ ሙያ፣ ሃውፕትሹለ ደግሞ በአብዛኛው ለእጅ ሙያ ሥልጠና የሚያዘጋጁ ነበሩ። የሐኪም ልጅና የስደተኛ ሠራተኛ ልጅ በአሥር ዓመታቸው በተለያየ በር ይገቡ ነበር።

ጀርመን 16 ግዛቶች ያሏት ፌዴራላዊት ሀገር ስትሆን፣ ትምህርት የግዛቶቹ ሥልጣን ነው። የግዛቶቹ የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ ውጤቱ በወጣበት በዚያው ወር ሰባት የተግባር መስኮችን አጸደቀ። እነርሱም ከትምህርት ቤት በፊት የቋንቋ ችሎታን ማዳበር፣ መዋዕለ ሕፃናትንና የመጀመሪያ ደረጃን ማቀናጀት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ማሻሻል፣ ችግር ያለባቸውን በተለይም የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን መደገፍ፣ ጥራትን በወጥ መለኪያና በምዘና ማረጋገጥ፣ የመምህራንን ሙያዊ ብቃት ማሳደግና የሙሉ ቀን ትምህርት ቤቶችን ማስፋፋት ነበሩ። የፌዴራል መንግሥቱ በ2003 ለሙሉ ቀን ትምህርት ቤቶች ማስፋፊያ 4 ቢሊዮን ዩሮ መደበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ሀገር አቀፍ የትምህርት መለኪያዎች ጸደቁ፤ እነርሱን የሚከታተል ተቋምም በ2004 በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን መንገድ ይከተልባት በነበረች ሀገር ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ውጤቱ ባይወጣ ኖሮ በዚያ ፍጥነት ይከናወን ነበር ለማለት አያስደፍርም።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛው፣ እነዚህ ሐሳቦች በዚያ ወር አልተወለዱም። በ1997 የወጣው የቲምስ ውጤት ጀርመንን መካከለኛ ቦታ ላይ አስቀምጧት ስለነበር፣ የግዛቶቹ ሚኒስትሮች በዚያው ዓመት በኮንስታንስ ከተማ ተሰብስበው በዓለም አቀፍ ንጽጽሮች ላይ በመደበኛነት ለመሳተፍ ወስነው ነበር። በሙሉ ቀን ትምህርት ላይም ክርክሩ የቆየ ነው። ፒሳ ያደረገው ተዘጋጅተው ይጠባበቁ ለነበሩ ሐሳቦች በሩን መክፈት ነው።

ሁለተኛው በሰባቱ መስኮች ዝርዝር ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ልጆችን በአሥር ዓመታቸው መለያየት ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ። የቤተሰብ ኑሮና የልጅ ውጤት መተሳሰሩን የተመለከቱ ብዙ ባለሙያዎች ጣታቸውን የቀሰሩት ወደዚሁ አደረጃጀት ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ፓርቲዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲያወዛግብ የኖረ በመሆኑ፣ ሚኒስትሮቹ የሚስማሙበትን ይዘው የማይስማሙበትን ተዉት። ከዓመታት በኋላ በሐምቡርግ ከተማ ልጆች አብረው የሚማሩበትን ጊዜ ከአራት ወደ ስድስት ዓመት ለማራዘም ሲታቀድ፣ በከተማዋ ምክር ቤት የነበሩት ፓርቲዎች ሁሉ ደግፈውት ሳለ፣ በወላጆች ተነሣሽነት በተጠራ ሕዝበ ውሳኔ በጁላይ 2010 ውድቅ ሆነ። እንግዲህ ያው አንድ የውጤት ሰነድ አራት ቢሊዮን ዩሮ ለማስመደብ በቅቷል፤ በአሥር ዓመቱ የሚደለደለውን ልጅ ግን ከአራተኛ ክፍል በላይ ከእኩዮቹ ጋር ሊያቆየው አልቻለም። ልዩነቱ የመጣው ከሰነዱ አይደለም፤ ከሀገሪቱ የፖለቲካ ሚዛን ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ2012 የጀርመን የሒሳብ ነጥብ 514 ደረሰ፤ ለውጡ ፍሬ አፈራ ተባለ። በ2022 ደግሞ ወደ 475 ወረደ። መለኪያዎቹም ተቋሙም በቦታቸው ነበሩ። ወረርሽኙ፣ የመምህራን እጥረት፣ የተማሪዎቹ ስብጥር መለወጥ እንደ ምክንያት ተጠቅሰዋል። ለመውጣቱ ሙሉውን ምስጋና ለአንድ ፖሊሲ የሰጠ፣ ለመውረዱ ምን መልስ ይሰጣል?

ጃፓን፦ ጊዜውን ያልጠበቀ ተወቃሽ

ጃፓን ከጀርመን በተቃራኒ ከከፍታ ተነሣች። በ2000 በሒሳብ 557 ነጥብ በማግኘት አንደኛ ነበረች። በዚያን ጊዜ የሀገሪቱ መንግሥት «ዩቶሪ» የተባለ፣ በአማርኛ ፋታ ያለው ትምህርት ልንለው የምንችል ማሻሻያ እያዘጋጀ ነበር። ሕፃናት በፈተና ብዛትና በሽምደዳ ተጨንቀዋል በሚል፣ የትምህርቱ ይዘት ወደ 30 በመቶ ገደማ ተቀነሰ፤ ቅዳሜም ሙሉ በሙሉ የዕረፍት ቀን ሆነ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያና በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 2002 ነው።

የ2003ቱ የፒሳ ውጤት በዲሴምበር 2004 ሲወጣ የጃፓን የንባብ ነጥብ ከ522 ወደ 498፣ ደረጃዋም ከ8ኛ ወደ 14ኛ ወረደ፤ በሒሳብም ነጥቧ ወደ 534 ዝቅ አለ። ሕዝቡ ተወቃሹን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ዩቶሪ ጥፋተኛ ነው ተባለ። በ2007 የስድስተኛና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ የሚመለከት ሀገር አቀፍ ምዘና ተጀመረ። በ2008 በተከለሰው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የትምህርት ይዘትና ሰዓት ተጨመረ።

አሁን ቀለል ያለች ስሌት እንሥራ። በ2003 አጋማሽ የተፈተኑት ተማሪዎች የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ አንደኛ ዓመት ላይ ነበሩ። አዲሱ ሥርዓት በኤፕሪል 2002 ሲጀመር እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ነበር። ስለዚህ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ በተሟላ መልኩ በዩቶሪ የተማሩት ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ስምንት ዓመታት በአመዛኙ የቀድሞው ሥርዓት ናቸው። ምናልባት ማሻሻያው በእርግጥ ጉዳት ነበረው ይሆናል፤ ምናልባትም አልነበረውም። በዚያ ውጤት ግን ሊፈረድበት አይችልም ነበር። ከዚህም በላይ የጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር ሥርዓተ ትምህርቱ ዝቅተኛ መነሻ እንጂ ጣሪያ እንዳልሆነ በመግለጽ ማሻሻያውን ማላላት የጀመረው በ2003 መጨረሻ፣ ማለትም ውጤቱ ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። አቅጣጫው አስቀድሞ ተይዞ ነበር፤ የፒሳ ውጤት ለመመለሱ ማኅተም ሆነለት።

በጀርመንና በጃፓን መካከል ያለውን ልዩነት እናስተውል። አንዱ ምዘና በአንዲት ሀገር የተጎዱ ልጆችን ለመደገፍ፣ በሌላዪቱ ደግሞ የልጆችን ሸክም ለማቅለል የተነሣን ሐሳብ ለመቀልበስ ዋለ። ወጥ የሆነ ምክር ከነጥቡ ቢመነጭ ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት ባልተፈጠረ ነበር።

ፊንላንድና ፖላንድ፦ መልካም ውጤትስ?

የመልካም ውጤት ተጽዕኖም ከዚህ አይለይም። ፊንላንድ በ2000 በንባብ 546 ነጥብ አግኝታ አንደኛ ከሆነች በኋላ የየሀገሩ ልዑካን ትምህርት ቤቶቿን ለማየት ጎረፉ። ጎብኚዎቹ ያዩት የዕለቱን ክፍል ነበር፤ አጭር የትምህርት ቀን፣ ጥቂት ፈተና፣ ነጻነት ያለው መምህር። የተፈተኑትን ልጆች ያፈራው መሠረት ግን ከ1972 ጀምሮ ከሰሜን ወደ ደቡብ ደረጃ በደረጃ የተዘረጋው፣ ሁሉንም ልጆች ለዘጠኝ ዓመታት አብሮ የሚያስተምር ትምህርት ቤትና ከዚያ በኋላ የተጀመረው የመምህራን የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ነበር። ይህም የሩብ ምእተ ዓመት ሥራ ነው። የፊንላንድ የሒሳብ ነጥብ በ2006 ከነበረበት 548 በ2022 ወደ 484 ወርዷል፤ ልጆቹ አሁንም የሚማሩት በዚያው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ባላቸው መምህራን ነው። በ2006 ፊንላንድን ቅጂ ያደረገ ሀገር ዛሬ ማንን ይቅዳ?

ፖላንድ በ1999 የመጀመሪያ ደረጃን ስድስት ዓመት አድርጋ ጊምናዚየም የተባለ የሦስት ዓመት መለስተኛ ደረጃ ፈጠረች። ስሙ ከጀርመኑ ቢመሳሰልም፣ የፖላንዱ ሁሉም ልጆች የሚገቡበት ነበር። በዚህም ልጆች በየዘርፉ የሚለያዩበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ። በ2000 የነበራት 479 የንባብ ነጥብ በ2012 ወደ 518 አደገ፤ ድርጅቱም ፖላንድን በአርአያነት ጠቀሳት። ያም ሆኖ በ2017 አዲስ መንግሥት ጊምናዚየምን አፍርሶ የቀድሞውን አደረጃጀት መለሰ። ከጀርመን እንደተማርነው መጥፎ ውጤት አንድን አደረጃጀት ለመለወጥ አላስገደደም፤ ከፖላንድ ደግሞ መልካም ውጤትም አንድን አደረጃጀት ከመፍረስ እንደማያድን እንማራለን።

ታዲያ ተጽዕኖው የት ላይ ነው?

እስካሁን ያልሁት ምዘናዎቹ ኃይል የላቸውም ማለት አይደለም። ኃይላቸው በሦስት መንገዶች ይገለጣል። በመጀመሪያ የተሸሸገን ነገር ያሳያሉ። የጀርመን የድሃ ልጆች ጉዳት ከ2001 በፊትም ነበረ፤ ሊካድ የማይችል የሆነው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ሁለተኛ፣ በሀገር ውስጥ ክርክር ላይ ለነበረ ሐሳብ ከውጭ የመጣ ሥልጣን ይሰጣሉ። ሚኒስትሩ «እኔ እንዲህ አምናለሁ» ሲል የሚገጥመው ተቃውሞ «ዓለም እንዲህ ይላል» ሲል ይለዝባል። ሦስተኛ፣ የሚለካውን ከማይለካው በላይ ያከብራሉ። ታሪክ፣ ሥነ ጥበብ፣ የአገር ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ፣ አብሮ የመኖር ግብረ ገብ በሦስቱ የፒሳ ዋና መስኮች ውስጥ የሉም። በሜይ 2014 ከተለያዩ ሀገሮች የተውጣጡ ምሁራን ለፒሳ ኃላፊ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ካሰሟቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ መንግሥታት በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ ለማሻሻል ሲሉ ፍሬው በአሥርት ዓመታት የሚታየውን ሥራ ቸል እንዲሉ ይገፋፋሉ የሚለው ደግሞ ሌላው።

ከእነዚህ መንገዶች አደገኛው ሁለተኛው ይመስለኛል። «ዓለም እንዲህ ይላል» በሚል የተወሰነ ውሳኔ ሲበላሽ ኃላፊነቱን የሚወስድ አይገኝም። ሚኒስትሩ ወደ ፈተናው ያመለክታል፤ የፈተናው ባለቤት ደግሞ «እኛ አማካሪ እንጂ ወሳኝ አይደለንም» ይላል። ልጁ ግን አንዴ ያለፈበትን ዘጠነኛ ክፍል ዳግመኛ አያገኘውም።

በሀገራችን፦ የአንድ ደቂቃ ንባብ

ኢትዮጵያ እስከ 2022ቱ ዙር ድረስ በፒሳ አልተሳተፈችም። ስለዚህ ጉዳዩ አይመለከተንም ለማለት ይቃጣን ይሆናል። ነገር ግን በሌላ በር ገብቶ ቤታችን ከደረሰ ቆይቷል። ትምህርት ሚኒስቴር በዓለም አቀፍ ድጋፍ በ2010 ያካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ13,000 በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪኛ ፈትኗል። መሣሪያው በብዙ ታዳጊ ሀገሮች ጥቅም ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ መሣሪያ ነው። ልጁ ከመዛኙ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንዲት አጭር ምንባብ ለ60 ሰከንድ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ።

ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከምንባቡ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ የትምህርት ሽፋናችን በፍጥነት እያደገ ስለነበር የምንኮራው በምዝገባ ቁጥር ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት መግባቱንና መማሩን ለያይተን እንድናይ ያስገደደን ይህ ምዘና ነው። ከዚያም በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት ተከለሱ፤ ለመምህራንም ሥልጠና ተሰጠ። ይህ ከላይ ያልኋት የመጀመሪያዪቱ ውለታ ናት።

አሁን ግን ሚዛኑን ራሱን እንመርምር። «በደቂቃ ስንት ቃል» የሚለው መለኪያ በየቋንቋው እኩል ትርጉም አለውን? በአማርኛ «አልመጣችላቸውም» አንድ ቃል ነው። ልጁ ዘጠኝ ፊደላት ለይቶ፣ አፍራሹን፣ ግሱን፣ ባለቤቷንና ተሳቢዎቹን በአንድ ትንፋሽ አገናኝቶ ያነበበው ይህ ቃል አንድ ተብሎ ይቆጠርለታል። ይኸው አሳብ በእንግሊዝኛ ስድስት ቃላት ይፈጃል። እንግዲህ የእንግሊዝኛ አንባቢ በደቂቃ ከአማርኛው አንባቢ የበለጠ ቃል ቢቆጠርለት የተሻለ አንባቢ ሆኖ ነውን?

በፊደልም በኩል ልዩነት አለ። የአማርኛ ተማሪ 33 ፊደላትን በሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ቅርጾችን፣ ከነዲቃላዎቹ መልመድ ይጠበቅበታል፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን አፋን ኦሮሞ የሚማረው ልጅ የሚለምዳቸው ምልክቶች በእጅጉ ያነሱ ናቸው። በሌላ በኩል አፋን ኦሮሞ የሚጠብቀውን ድምፅና የሚረዝመውን አናባቢ ደግሞ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል። አማርኛ ግን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ዋና» የሚለውን ቃል ያየ ልጅ በውኃ ላይ የሚደረገው ይሁን ተቀዳሚ ማለት ይሁን የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ነው፤ «ገና» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛ በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። ቆም ብሎ ያሰበ ልጅ በሰዓት መቁጠሪያው ፊት ደካማ ይመስላል፤ በአንባቢነቱ ግን ጎበዝ ሊሆን ይችላል።

መሣሪያውን ያዘጋጁት ባለሙያዎች በየቋንቋው የተገኘው ፍጥነት ቋንቋን ከቋንቋ ለማበላለጥ እንደማያገለግል አስገንዝበዋል። ይሁን እንጂ ቁጥር አንዴ በሰንጠረዥ ከተደረደረ ማሳሰቢያው በግርጌ ይቀራል። እንደ ጀርመን ሁሉ በሀገራችንም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች በመሆናቸው፣ በቋንቋዎች መካከል የተደረገ ንጽጽር በቀላሉ የክልሎች ንጽጽር ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በደቂቃ የሚነበበው ቃል የመማሪያ ክፍሉ ግብ ሲሆን ነው። መምህሯ በፍጥነት ማንበብን ታለማምዳለች፤ ልጁም ያላስተዋለውን ያነበንባል። ትውልዶች ከየኔታ ፊት ተቀምጠው ፊደል በቆጠሩባት በዚህች ሀገር፣ ንባብ ቤትን ከትርጓሜ ቤት ለይቶ ያየ ሰው በድምፅ ማንበብና ማስተዋል ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውን ለማወቅ የውጭ አማካሪ አያሻውም።

ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች

ከእነዚህ ታሪኮች ለመምህራን፣ ለፖሊሲ ባለሙያዎችና ለነገዎቹ ተመራማሪዎች የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎችን አውጥቼ ንግግሬን ላጠቃልል። አንድ የፖሊሲ ሰነድ «ዓለም አቀፉ ውጤት እንደሚያሳየው» ብሎ ሲጀምር እነዚህን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ የተፈተኑት ልጆች የተማሩት በየትኛው ሥርዓት ነው? የጃፓንን ስሌት በወረቀት ላይ ለመሥራት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ያቺ አምስት ደቂቃ ብዙ የተሳሳተ ፍርድ ታስቀራለች።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ይህን የመፍትሔ ሐሳብ ይዞ የነበረ ማን ነው? ሐሳቡ አስቀድሞ መኖሩ ስሕተት አያደርገውም፤ የጀርመን የሙሉ ቀን ትምህርት ቤት መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ በራሱ ማስረጃ ይመዘን፤ በሰንጠረዥ ግርማ አይለፍ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ካመለከታቸው ነገሮች በመፍትሔው ዝርዝር ያልገባው የትኛው ነው? በጀርመን ያልገባው የአሥር ዓመቱ ልጅ ድልድል ነበር። በእኛስ? አንድ መምህር 70 እና 80 ልጆችን በሚያስተምርበት ክፍል፣ መጽሐፍ ለሦስት በሚታደልበት ትምህርት ቤት፣ የንባብ ማነስ በሥልጠና ብቻ ይቃናልን? በዝርዝሩ የሌለው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ ድፍረት የሚጠይቀው ነው።

ኢትዮጵያ አንድ ቀን በፒሳ ወይም በተመሳሳይ ምዘና ለመሳተፍ ትወስን ይሆናል። ብትወስን አልቃወምም፤ መመዘንን የሚፈራ ሥርዓት ራሱን አያውቅም። ዝግጅቱ ግን ከፈተናው ቀን በፊት መጀመር አለበት። ጥያቄዎቹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌሎች ቋንቋዎቻችን ሲተረጎሙ ክብደታቸው እንዳይለወጥ የሚመረምሩ የቋንቋ ምሁራን፣ ውጤቱ ሲወጣ ከነጥቡ ጀርባ ያለውን ምክንያት የሚያጠኑ የራሳችን ተመራማሪዎች፣ ውሳኔውንም በስማቸው ወስነው በስማቸው የሚጠየቁ ኃላፊዎች ያስፈልጉናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማፍራት የዚህ ፋኩልቲ ድርሻ ነው፤ ከተመራቂ ተማሪዎቻችን መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ በአማርኛ ንባብ ላይ የሚሠራ ሚዛን ምን መምሰል እንዳለበት ገና በቂ ጥናት ያላገኘ ጥያቄ ነው።